ቀውስ ያዋህዳል ወይስ ይበትናል? ከቃሊቲ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «መምህር፣ ቃሊቲ ጉምሩክ አካባቢ በትራንዚተርነት እሠራለሁ፤ ማታ ማታ ሁለተኛ ዲግሪዬን እማራለሁ። ክፍል ውስጥ ‹አውሮፓ የተሠራችው በቀውስ ነው› ተባልን። ቀውስ የሚያዋህድ ቢሆን ኖሮ የእኛ ቀንድ ይሄኔ አንድ አገር በሆነ ነበር። ድርቁ፣ ጦርነቱ፣ ስደቱ መቼ ጎድሎብን ያውቃል? ታዲያ ኢጋድ ለምን አልጠነከረም? ከተማርናቸው ንድፈ ሐሳቦችስ ትክክለኛው የትኛው ነው?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ጥያቄሽ ውስጥ ያለችው ምፀት ብዙ የመመረቂያ ጽሑፍ ታስንቃለች። ዋናውን መልስ ላስቀድም። ቀውስ በራሱ አቅጣጫ የለውም። ወዴት እንደሚገፋ የሚወስነው ቀውሱ ሳይደርስ በፊት የተተከለው ነገር ነው። ከማኅበሩ መውጣት ምን ያህል ያስከፍላል? መሪዎች ሳይሰበሰቡ እጁን ሊዘረጋ የሚችል ተቋም አለ ወይ? ጉዳዩ ከቢሮ ወጥቶ አደባባይ ሲደርስስ ምን ይቀሰቅሳል? የተማርሻቸው ንድፈ ሐሳቦች የሚጣሉት እያንዳንዳቸው ከእነዚህ ጥያቄዎች አንዱን ይዘው ስለሚሮጡ ነው። (ዓ.ም. ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ የፈረንጆቹ ናቸው።)

ክፍል ውስጥ የሰማሽው አባባል የዣን ሞኔ ነው። ሞኔ የዛሬው የአውሮፓ ኅብረት መነሻ የሆነው የአውሮፓ የድንጋይ ከሰልና የብረት ማኅበረሰብ አስፈጻሚ አካል፣ «የበላይ ባለሥልጣን» የሚባለው፣ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ነበር፤ ስለ ገዛ ሥራው የሚመሰክር ሰው ቃል መሆኑን አትርሺ። ደግሞም አባባሉን የሚጠቅሱ ሰዎች ሁለተኛውን ግማሽ ይተዉታል። ሞኔ ያለው አውሮፓ ለቀውሶቹ የሚሰጡት መፍትሔዎች ድምር ትሆናለች ነው። መፍትሔ ያልተሰጠው ቀውስ ድምሩ ውስጥ የለም።

ይህንን ለማየት ብዙም ከማይወሳ ታሪክ ልነሳ። የማኅበረሰቡ ውል አንቀጽ 58 የበላይ ባለሥልጣኑ «ግልጽ ቀውስ» ሲያጋጥም የምርት ኮታ እንዲደለድል ይፈቅዳል፤ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ከተስማማ። በ1958 ነዳጅ ዘይትና ከውጭ የሚገባ ርካሽ ከሰል ገበያውን አጥለቀለቁት፤ የቤልጂግ ማዕድን ማውጫዎች ደጃፍ ላይ ያልተሸጠ ከሰል ተከመረ። ባለሥልጣኑ በ1959 አንቀጹን እንጠቀም ብሎ ጠየቀ። ትልልቆቹ አገሮች እምቢ አሉ፤ እያንዳንዱ የራሱን ከሰል በራሱ መንገድ አዳነ። በ1980 ደግሞ ተራው የብረታ ብረት ሆነ። አንቀጹ ያው፣ የአውሮፓ ኮሚሽንም የዚያው ባለሥልጣን ወራሽ፤ ምክር ቤቱ ግን በዚህኛው ጊዜ ተስማማና ኮታ ተደለደለ። በ1959 ከሰል የከበደው በተለይ ለቤልጂግ ነበር፤ ሌሎቹ ብቻቸውን የሚያመልጡበት በር ነበራቸው። በ1980 ግን ሁሉም ብረት አምራች እየከሰረ ነበር፤ ፋብሪካዎቹ በፈቃዳቸው የገቡት የምርት ቅነሳ ስምምነትም ፈርሶ ነበር። አንድ ሕግ ሁለት ውጤት ሲሰጥ ካየሽ «ቀውስ ያዋህዳል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ብቻውን መቆም እንደማይችል ይገባሻል።

ኤርነስት ሃስ በ1958 ኒዮ-ፈንክሽናሊዝም የሚባለውን ንድፈ ሐሳብ ያቆመው ይህንኑ ማኅበረሰብ አጥንቶ ነው። ሐሳቡን በሥራሽ ላስረዳሽ። ሸቀጥ በነፃ ድንበር ይለፍ ብለሽ ከጀመርሽ የከባድ መኪናው መድን፣ የአክስል ክብደቱ፣ የሾፌሩ ፈቃድ፣ የሰነዱ ዓይነት ተከታትለው ይመጣሉ፤ አንዱን በጋራ ይዞ ሌላውን በየግል መተው ስለማያዋጣ። የኮሜሳን (የምሥራቅና ደቡብ አፍሪካ የጋራ ገበያን) ቢጫ ካርድ፣ ድንበር ተሻጋሪውን የመኪና መድን አስቢው። ይህ ስፒልኦቨር የሚባለው ነው። በዚህ ዓይን ቀውስ ሥራው በግማሽ የቀረበትን ቦታ የሚያጋልጥ ብርሃን ነው፤ ከዚያ ባለሙያውና ነጋዴው፣ ከብሔራዊ መንግሥታት በላይ ያለው ተቋምም አክሎበት፣ መሪዎችን ወደፊት ይገፋሉ።

የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ዱጎል ይህንን ትንቢት ብዙ ሳይቆይ ፈተነው። በ1965 የፈረንሳይ ወኪሎች ከብራስልስ ስብሰባዎች ቀሩ፤ «የባዶ ወንበር ቀውስ» የሚባለው ነው። በጃንዋሪ 1966 በሉክሰምበርግ የተደረሰበት ስምምነት አንድ አገር እጅግ አስፈላጊ ጥቅሜ ተነካ ካለ የድምፅ ብልጫ ወደ ጎን እንዲባል አደረገ። በዚያው ዓመት ስታንሊ ሆፍማን መንግሥታት እንደታሰበው አልከሰሙም፤ የገበያና የግብርና ጉዳይ ሲሆን ይተባበራሉ፣ የህልውና ጉዳይ ሲመጣ ግን ወደየራሳቸው ይመለሳሉ ብሎ ጻፈ። ሃስ ራሱም በ1970ዎቹ አጋማሽ የቀጣናዊ ውህደት ንድፈ ሐሳብ ጊዜው አልፎበታል እስከማለት ደረሰ። ይህን ያህል ታማኝ ምሁር ማየት ደስ ይላል። ተማሪው ፊሊፕ ሽሚተር ግን ንድፉን ጠገነው፤ ቀውስ ወደፊት መግፋት ብቻ ሳይሆን ወደኋላ ሊመልስ፣ ሥልጣን ሳይጨምር ሥራ ብቻ ሊያበዛ፣ ወይም ሁሉንም ባለበት ሊያቆም ይችላል አለ። ብዙ መምህራን ሃስን አስተምረው ሽሚተርን ይዘሉታል፤ ለእኛ አህጉር የሚጠቅመው ግን እሱ ነው።

አሁን ወደ ሁለቱ ትልልቅ የአውሮፓ ቀውሶች። እዚህ ላይ ጊዜ ልወስድ፣ ንድፈ ሐሳቦቹ በደንብ የሚለዩት እዚህ ስለሆነ።

ግሪክ በ2009 መጨረሻ የበጀት ጉድለቷ እስከዚያ ከተነገረው እጅግ የበለጠ መሆኑን ገለጸች። በ2010 የመጀመሪያው የ110 ቢሊዮን ዩሮ ብድር መጣ፤ እሳቱ ግን ወደ አየርላንድ፣ ፖርቱጋል፣ ስፔን ተዛመተ። በመጨረሻ 500 ቢሊዮን ዩሮ የማበደር አቅም ያለው ቋሚ የመረጋጋት ተቋም በ2012 ቆመ፤ በ2014 የትልልቅ ባንኮች ቁጥጥር ወደ አውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ ተዛወረ። ከዚያ አሥር ዓመት ቀደም ብሎ ማንም የማይደፍረው የነበረ የሥልጣን ዝውውር ነው።

በ2015 ደግሞ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ስደተኞች ባሕር አቋርጠው አውሮፓ ገቡ። ኅብረቱ 160 ሺህ ጥገኝነት ጠያቂዎችን ከጣሊያንና ከግሪክ ወስዶ ለአባላቱ ለማከፋፈል ወሰነ፤ ዋናው ውሳኔ ቼክ፣ ስሎቫኪያ፣ ሃንጋሪና ሮማንያ እየተቃወሙ በድምፅ ብልጫ ያለፈ ነበር። በተግባር የተዛወሩት 35 ሺህ እንኳ አልሞሉም። ሃንጋሪ አጥር ሠራች፣ ሌሎች የውስጥ ድንበር ፍተሻ መለሱ፣ ኅብረቱም በ2016 ከቱርክ ጋር ተስማምቶ ችግሩን ወደ ውጭ ገፋው። የድንበር ጥበቃው መሥሪያ ቤት ፍሮንቴክስ እንደተጠናከረ አልክድም፤ የጥገኝነት ሸክሙ ክፍፍል ግን አልተነካም።

አንድ ኅብረት፣ በአብዛኛው እነዚያው መሪዎች፣ በጥቂት ዓመታት ልዩነት። ምን ለያቸው?

የአንድሩ ሞራቭቺክ ሊበራል ኢንተርገቨርንመንታሊዝም መልሱን ከድርድሩ ጠረጴዛ ይጀምራል፦ ስምምነት ባይኖር ማን ይጎዳል? በዩሮው ጊዜ ተበዳሪም አበዳሪም ይጎዱ ነበር፤ የጀርመንና የፈረንሳይ ባንኮች ገንዘብ እዚያው ዕዳ ውስጥ ነበር። ስለዚህ ድርድሩ ውህደቱ ይቀጥል አይቀጥል ሳይሆን ሒሳቡን ማን ይክፈል የሚል ነበር፤ የከፋው ሸክም በደካማው ላይ መውደቁም የዚሁ ስሌት ውጤት ነው። በስደተኞቹ ጊዜ ግን ብዙዎቹ አገሮች ስምምነት ባይኖር ምንም አይቀርባቸውም። አጥር ያጠረ አገር የሚፈልገውን ብቻውን አግኝቷል፤ ለምን ይደራደር?

ይሁንና ጠረጴዛው ብቻውን አይበቃም። በጁላይ 2012 የማዕከላዊ ባንኩ ፕሬዚዳንት ማሪዮ ድራጊ ለንደን ላይ ዩሮን ለማዳን የሚያስፈልገውን ሁሉ እናደርጋለን አለ። ከዚያ በኋላ ይፋ የሆነው የቦንድ ግዢ መርሐ ግብር አንድ ዩሮ ሳይወጣበት ገበያው ተረጋጋ። ይህ የሃስ ድል ነው፤ መሪዎችን ሳይጠብቅ የሚንቀሳቀስ ተቋም ነበር። በስደተኞቹ ጉዳይ እንዲህ ያለ እጅ አልነበረም፤ ኮሚሽኑ ሐሳብ ማቅረብ እንጂ አውቶቡስ ልኮ ስደተኛ ማስፈር አይችልም። ፍራንክ ሺመልፌኒግ ሁለቱን ቀውሶች አነጻጽሮ የደረሰበትም ወደዚሁ ይጠጋል፤ የመደጋገፉ (አንዱ በሌላው ላይ የመንጠልጠሉ) ክብደትና የበላይ ተቋሙ አቅም ናቸው ልዩነቱን የሠሩት።

ሊስቤት ሁግና ጌሪ ማርክስ በ2009 ያቀረቡት ፖስት-ፈንክሽናሊዝም ደግሞ ዓይኑን ወደ አደባባይ ያዞራል። ሕዝቡ «ልሂቃኑ ያውቁበታል» ብሎ ዝም የሚልበት ዘመን አለፈ፤ ጉዳዩ ማንነትን ሲነካ ፓርቲዎች ያራግቡታል፣ መሪውም እጁ ይታሰራል። በ2016 የብሪታንያ ሕዝበ ውሳኔ 51.9 ከመቶው «እንውጣ» ሲል ብዙዎች ይህን ንድፈ ሐሳብ አስታወሱ። ጥሩ ነው፤ ግን እንደ ሁሉም ንድፈ ሐሳብ ሲወደድ ከልኩ በላይ ይለጠጣል። ብሪታንያ በዩሮ ውስጥ እንዳልነበረች፣ በዩሮ ውስጥ ያለችው ግሪክ ግን በ2015 ሕዝቧ የአበዳሪዎቹን ሐሳብ በድምፅ ጥሎት እያለ እንዳልወጣች ልብ በይ። ቁጣው ሁለቱም ጋ ነበር፤ የመውጫው ዋጋ ግን አንድ አልነበረም።

ለኛ ሰፈር የሚቀርበው አራተኛ ሐሳብ ኤሪክ ጆንስ፣ ዳንኤል ኬለመንና ሶፊ ሙኒዬ በ2016 ያቀረቡት ነው፤ እየወደቁ ወደፊት መሄድ እንበለው። መንግሥታት በቀውስ ጊዜ ሁሉም የሚስማማበትን አነስተኛውን መፍትሔ ይወስዳሉ፤ ግማሽ ስለሆነ ቀጣዩን ቀውስ ይወልዳል፤ ቀጣዩ ቀውስ ደግሞ ሌላ ግማሽ ያስጨምራል። ምሳሌውን ፍለጋ ብራስልስ መሄድ አያስፈልግሽም። ከቃሊቲ ቀለበት መንገዱን ይዘሽ ኃይሌ ጋርመንት ድረሺ፤ የአፍሪካ የበሽታ መከላከልና መቆጣጠሪያ ማዕከል እዚያ ነው። የኢቦላ ወረርሽኝ በ2014 ምዕራብ አፍሪካን ሲያናውጥ አህጉሩ የራሱ የጤና መሥሪያ ቤት እንደሌለው ታየ። ማዕከሉ በ2017 ሥራ ጀመረ፤ ትንሽ፣ በለጋሾች የሚደገፍ፣ ብዙ ሥልጣን የሌለው። ኮቪድ መጣና የጎደለውን አሳየ፦ ሀብታሞቹ ክትባቱን ቀድመው ገዙት፤ አፍሪካ በጋራ ግዢ ማዕቀፏ በ2021 ለ220 ሚሊዮን ዶዝ ውል ብትገባም ወረፋው ረጅም ነበር። በ2022 የአፍሪካ መሪዎች ማዕከሉ ራሱን የቻለ ተቋም እንዲሆን ወሰኑ፤ በኦገስት 2024 በዝንጀሮ ፈንጣጣ ምክንያት ለመጀመሪያ ጊዜ የአህጉር ጤና አደጋ በራሱ ሥልጣን አወጀ። ሕንፃው የቻይና ስጦታ መሆኑ ደግሞ የቀረውን ግማሽ ይነግርሻል። መሪዎቹ በ2016 ኪጋሊ ላይ የአፍሪካ ኅብረትን ከገቢ ዕቃ በሚሰበሰብ 0.2 ከመቶ ቀረጥ ራሳችን እንደግፈው ብለው ነበር፤ ብዙ አባላት ግን አልተገበሩትም። አንቺ የጉምሩክ ዲክላራሲዮን የምትሞዪ ሰው ነሽና የዚህን ትርጉም ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ።

አሁን አንድ ቅሬታዬን ልናገር። ከእነዚህ ንድፈ ሐሳቦች አብዛኞቹ የተሠሩት ከተረፈው ማኅበር ነው፤ የሞተውን ማን ይመረምራል? የመጀመሪያውን የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ ውሰጂ። አውሮፓ የጋራ ገንዘብ ዕቅድ ሳታወጣ ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛኒያ እስከ 1966 በአንድ ሽልንግ ይገበያዩ ነበር፤ ባቡሩ፣ ወደቡ፣ ፖስታው፣ አየር መንገዱ የጋራ ነበር። በ1967 በካምፓላ ውል ማኅበረሰቡን በሕግ አቆሙት፤ መቀመጫው አሩሻ። በስፒልኦቨር ሒሳብ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ከአውሮፓ ይቀድሙ ነበር። ነገር ግን ጥቅሙ ወደ ናይሮቢ አደላ የሚል ቅሬታ ነበር፤ ታንዛኒያ ወደ ኡጃማ ሶሻሊዝም፣ ኬንያ ወደ ገበያ ሄዱ፤ በ1971 ኢዲ አሚን ኡጋንዳ ላይ መፈንቅለ መንግሥት አድርጎ ሥልጣን ሲይዝ የታንዛኒያው ፕሬዚዳንት ኔሬሬ ከእሱ ጋር አልቀመጥም አለ። የበላዩ አካል የሦስቱ መሪዎች ስብሰባ ነበርና ሦስቱ ካልተቀመጡ ማኅበረሰቡ ጭንቅላት የለውም። በ1977 አየር መንገዱ ተበተነ፣ ታንዛኒያ ከኬንያ ጋር ያላትን ድንበር ዘጋች፤ እስከ 1983 አልተከፈተም። ንብረቱን ለመከፋፈል እስከ 1984 መደራደር ነበረባቸው። ከፍርስራሹ የተረፈው የልማት ባንኩን የመሰለ፣ የራሱ ገንዘብና የራሱ ቦርድ ያለው ተቋም ነው። ሽሚተር ቢያየው አይደነቅም ነበር።

ከምዕራብ አፍሪካም አንድ ቁምነገር አለ። ማሊ፣ ቡርኪና ፋሶና ኒጀር ከምዕራብ አፍሪካ አገሮች የኢኮኖሚ ማኅበረሰብ ከኢኮዋስ መውጣታቸውን በጃንዋሪ 2024 አስታወቁ፤ ከዓመት በኋላ ጸና። ከሲኤፍኤ ፍራንክ የገንዘብ ኅብረት ግን አልወጡም። ፈረንሳይን የሚያወግዝ መንግሥት ከፈረንሳይ ጋር የተያያዘውን ገንዘብ ይዞ መቆየቱ ግብዝነት ይመስላል፤ እኔ ግን የመውጫ ዋጋ ልዩነት አድርጌ ነው የማየው።

ወደ ቤታችን ስንመጣ ሰዎች ስለ ውህደት ሲያወሩ የማያነሱት የራሳችን ጉዳይ አለ። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ኤርትራ በብር ትገበያይ ነበር፤ የኢትዮጵያ ዕቃ አብዛኛው በአሰብ ይገባ ነበር። የጋራ ገንዘብና የጋራ ወደብ፣ ይህ በማንኛውም መጽሐፍ ከፍተኛ ውህደት ነው። በ1990 ዓ.ም. መጀመሪያ ኤርትራ የራሷን ገንዘብ ናቅፋን አወጣች፤ ኢትዮጵያም ትልልቁ ንግድ በባንክ የክፍያ ዋስትና (ኤልሲ) እና በውጭ ምንዛሪ ይሁን አለች። ግንቦት ላይ ባድመ። ጦርነቱን ገንዘቡ አመጣው አልልም፤ ያ ሌላ ክርክር ነው። የምለው የገንዘቡ አለመግባባት ሲነሳ የሚሄድበት ሦስተኛ ቤት አልነበረም፤ ማዕከላዊ ባንክ የለ፣ የጋራ ፍርድ ቤት የለ፣ ጉዳዩ ከሁለት መሪዎች ጠረጴዛ አልወጣም። መደጋገፉ ብቻውን ጦርነትን እንዳላስቀረ አየን። ንግዱም ወደ ጅቡቲ ዞረ፤ ውድ ቢሆንም ተቻለ። የቃሊቲ መንገድ የዛሬ መልኩን የያዘው በዚያ መዞር ነው።

ኢጋድስ? ኢጋድ ራሱ የቀውስ ልጅ ነው። በ1986 ድርቅን ለመከላከል ሲመሠረት ጅቡቲ ላይ መንግሥቱ ኃይለ ማርያምና የሶማሊያው ዚያድ ባሬ ከኦጋዴን ጦርነት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ተገናኙ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ሁለቱ አገሮች ተስማሙ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በ1996 ሰላምና ጸጥታ ተጨምሮበት እንደገና ተዋቀረ። የጉባኤው ውሳኔ ግን በስምምነት ነው፤ አንዱ ካልፈለገ የለም። በደቡብ ሱዳን ሲያደራድር አባሉ ኡጋንዳ ለአንዱ ወገን ጦር አሰልፋ ነበር። መውጫውም ርካሽ ነው፦ ኤርትራ በ2007 አባልነቷን አቋረጠች፣ በ2023 ተመለሰች፣ በ2025 መጨረሻ እንደገና መውጣቷን አስታወቀች፤ ሱዳን በጃንዋሪ 2024 አባልነቷን አገደች። በዚያው ወር ኢትዮጵያና ሶማሊያ፣ ኢትዮጵያ ከሶማሊላንድ ጋር በፈረመችው የመግባቢያ ሰነድ ምክንያት ሲጋጩ ኢጋድ ኢንቴቤ ላይ ተሰበሰበ፤ ሁለቱን በዓመቱ መጨረሻ ያስማማቻቸው ግን አንካራ ናት። ይህን ሁሉ ሆፍማን ያብራራዋል፤ ሃስ ለማብራራት ይቸገራል፤ ሃስ የሚፈልገው ነጋዴና ባለሙያ በኢጋድ ላይ የተንጠለጠለ ጥቅም ስለሌለው።

ይህንን ራስሽ ፈትሺው። ነገ ኢጋድ ቢዘጋ ቃሊቲ ላይ የትኛው ፋይልሽ ይቆማል? አንድም። ከዘጠና ከመቶ በላይ የሆነው የአገሪቱ የውጭ ንግድ በጅቡቲ የሚያልፈው በሁለቱ መንግሥታት ስምምነት ነው፤ የ2002ቱ የወደብ አጠቃቀም ስምምነትም፣ ከሰበታ የሚነሳው ባቡርም የሁለቱ ጉዳይ ናቸው። ቀንዱ ያልተደጋገፈ አይደለም፤ መደጋገፉ ኢጋድን አልፎ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ቀውስ ሲመጣ ሰው የሚሮጠው ወደ ጅቡቲ ከተማ የወደብ ቢሮ እንጂ እዚያው ከተማ ወዳለው የኢጋድ ጽሕፈት ቤት አይደለም።

«ትክክለኛው የትኛው ነው» ላልሽው፣ እኔ አንዱን አልመርጥልሽም፤ ለፈተና ከሆነ መምህርሽ የሚወደውን ጻፊ። ለመመረቂያ ጽሑፍሽ ግን ኢጋድን ከአውሮፓ ኅብረት ጋር አታነጻጽሪ፤ መልሱ ሳትጀምሪው የታወቀ ነው። የወደብ ንግድ ኮሪደሩን ያዢ። ንግዱ ከአሰብ ወደ ጅቡቲ የዞረበትን የ1990 ዓ.ም. ቀውስና የኮቪዱን ጊዜ ጎን ለጎን አስቀምጪ፤ በእያንዳንዱ ማን ሳይፈቀድለት ወሰነ፣ ወጪውን ማን ከፈለ፣ ቀውሱ ካለፈ በኋላ የቀረ ደንብ ወይም ቢሮ አለ ወይ ብለሽ ጠይቂ። የቆዩ ትራንዚተሮችና የከባድ መኪና ባለንብረቶች በሕይወት እያሉ ቃላቸውን ተቀበይ፤ ይህ በየትኛውም ቤተ መጻሕፍት አይገኝም። አማካሪሽ ይህ የሎጂስቲክስ እንጂ የቀጣናዊ ውህደት ርዕስ አይደለም ካለሽ የኮሜሳን ቢጫ ካርድና የ2002ቱን ስምምነት ፊቱ አስቀምጪና አንዱ ብዙ አገሮችን፣ ሌላው ሁለት አገሮችን ብቻ ለምን እንዳሰረ እንዲያስረዳሽ ጠይቂው።